ባዶ የተባለው ረግረግ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ የዛሬው ወሬ የጣና ነው። ክረምቱ ወጥቶ፣ አደዩ ረግፎ፣ ኅዳር ሲጋመስ ያለው ጣና። ወቅቱን ባሕር ዳር ያሳለፈ ሰው ያውቀዋል፤ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ማለዳ ማለዳ ሐይቁ ይጨሳል፣ በዙሪያው ያለው ገበሬ ማጭዱን ይስላል። በዚያው ሰሞን ከሰሜን እንግዶች ይገባሉ። የእነሱን ነገር እደርስበታለሁ፤ መጀመሪያ የሚያርፉበትን ቤት ላሳያችሁ።

ጣና ከአገራችን ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ነው። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ የተኛውም ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ስፋቱን ያየ ሰው ጥልቀቱ የማይደረስበት ይመስለዋል። ነገር ግን ጥልቅ የተባለው ቦታው እንኳ ከ15 ሜትር አይዘልም። የበረከቱ ምስጢርም ይኸው ነው። ዳርቻው በአንዴ ገደል አይሆንም፤ መሬቱ ቀስ እያለ ወደ ውሃው ይገባል፣ ውሃውም ቀስ እያለ ወደ መሬቱ ይወጣል። ሁለቱ በሚገናኙበት ደንገሉ ይቆማል፣ ፊላው ይበቅላል፣ የውሃ አበባው ይዘረጋል። ወፉም ዓሣውም የሚራባው እዚያ ነው። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1996 ለአእዋፍ ወሳኝ ናቸው ብሎ ከለያቸው 69 የአገራችን ቦታዎች መካከል የጣና ዙሪያ አንዱ ነበር። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2015 ሐይቁንና አካባቢውን የባዮስፌር ክልል አድርጎ መዝግቦታል።

እንግዲህ ከእንፍራንዝ እንነሳ። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ሲኬድ፣ መሐል ላይ ሐይቁን የሚቀላቀል ወንዝ ነው። አፉ አካባቢ ያለው ረግረግ በደንገል የተሞላ ነው። ወፍ ለማየት የወጣ ሰው ፀሐይን መቅደም አለበትና ገና ጎህ ሳይቀድ ከውሃው ዳር ደረስን። ባለታንኳው ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው፤ ታንኳ መሥራትን ከአባት ከአያት የወረሱ። ታንኳው ራሱ ደንገል ነው። የደረቀው ደንገል በእስር በእስር ይሆናል፣ እስሩ ከእስር ጋር ይጠፈራል፣ ጫፉ ወደ ላይ ይቀለበሳል፤ በቃ፣ ታንኳ ነው።

ከመነሳታችን በፊት ሽማግሌው ሁለት ነገር አዘዙ። አንደኛው፣ ነጭ ልብስ ይከደን። “ነጠላና ጋቢ ለቤተ ክርስቲያን ነው ልጄ፤ ወፍ ነጭ ሲያይ ይበረግጋል” አሉኝ። ሁለተኛው ደግሞ ዝም ማለት ነበር። “ጆሮህን አስቀድም፣ ዓይንህ ይደርሳል።” በኋላ እንዳየሁት፣ ከየትኛውም አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር በፊት የሚያስፈልገው ይህ ምክር ነው። ወፍ የሚፈልግ ሰው ዓይኑን እያንከራተተ ከደከመ ምንም አያገኝም። አንድ ቦታ ረግቶ ድምፅ ከለየ ግን ወፎቹ አንድ በአንድ ይገለጡለታል።

እውነትም ጨለማው ሳይገፈፍ ረግረጉ ተናገረ። ከደንገሉ ውስጥ አንዱ ያጉረመርማል፣ ሌላው ያፏጫል፤ አጠገባችን የሆነ ነገር ውሃውን ቦጭ አደረገው። ቀጥሎ ከሩቅ ዛፍ ጫፍ የዓሣ አጥማጁ ንስር ጩኸት መጣ። ይህ ንስር ሲጮህ አንገቱን ወደ ኋላ ይጥላል፤ አንዱ ሲጀምር ጥንዱ ይቀበለዋል። ድምፁ ውሃ ላይ ስለሚሄድ ከየት እንደመጣ ለመለየት ያስቸግራል። ራሱና ደረቱ ነጭ፣ ሆዱ ቀላ ያለ ቡናማ፣ ክንፉ ጥቁር ነው። ልብ በሉልኝ፣ ዓሣውን የሚያነሳው ከውሃው ነው፤ ጎጆውን የሚሠራው ግን ትልቅ ዛፍ ላይ ነው። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ ዘጌ ስንደርስ ያስፈልገናል።

ፀሐይ ወጣች። ከፊታችን ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉሩ ዓሣ አጥማጅ ወፍ አየር ላይ ቆመ። ቆመ ስላችሁ በእውነት ቆመ፤ ክንፉን እያርገበገበ፣ መንቁሩን ወደ ታች ቀስሮ፣ ከቦታው ሳይነቃነቅ። ከዚያ ቁልቁል ተወረወረና ትንሽ ዓሣ ይዞ ወጣ። ይህ ወፍ ያጠመደው ዓሣ ትንሽ ከሆነ ቅርንጫፍ ፍለጋ አይንከራተትም፤ እየበረረ ይውጠዋል። ስለዚህ ማረፊያ ዛፍ ከሌለበት ከሐይቁ መሐልም ማደን ይችላል።

ሽማግሌው መቅዘፊያቸውን አቁመው በአገጫቸው ወደ ውሃ አበባው ጠቆሙኝ። ከቅጠሎቹ ላይ አንድ ወፍ ይራመዳል፤ ጀርባው ደማቅ ቡናማ፣ አንገቱ ከፊት ነጭ፣ ግንባሩ ላይ ሰማያዊ ጋሻ የለጠፈ። በመጻሕፍት ጃካና ይሉታል። እግሩን ያየ ሰው ይገረማል፤ ጣቶቹ ከሰውነቱ ጋር የማይመጣጠኑ ረጃጅሞች ናቸው። ክብደቱን በብዙ ቦታ ስለሚያከፋፍሉለት ቅጠሉ ጎንበስ ይልና ተመልሶ ይነሳል እንጂ አይሰምጥም። እንቁላል የሚታቀፈው፣ ጫጩት የሚያሳድገው አባትየው ነው፤ እናቲቱ ጥላ ሌላ ወንድ ታገባለች። አደጋ ሲመጣ አባት ጫጩቶቹን በክንፎቹ ሥር ሸጉጦ ይሸሻል። ያን ጊዜ በጎንና በጎኑ የሚታየው የተንጠለጠለ የጫጩት እግር ብቻ ነው። “እኛ እንኳ የአባትን ነገር ከዚህ ወፍ ብንማር” አሉ ሽማግሌው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ወደ ዳር ስንመለስ ግን ሌላ ድምፅ ሰማን፤ የማጭድና የገጀራ። አንድ ወጣት ደንገሉን እያጨደ ይከምራል። ከኋላው ያጸዳው መሬት ላይ ቦይ ቆፍሯል፣ ባሕር ዛፍም ተክሏል፤ ከዚያ ወዲያ የጎረቤቱ ጫት ይታያል። ሰላም ተባባልን።

“ምን ልታደርገው ነው ወንድሜ?”

“ምን ላድርግ ጋሼ፣ መሬት የለኝም። ይሄ ደግሞ ባዶ ነው፤ የማንም አይደለም፣ ማንም አይጠቀምበትም።”

ይህን ልጅ አልፈርድበትም። የአባቱ መሬት ከወንድሞቹ ጋር ሲካፈል አልበቃውም፤ ማግባት ይፈልጋል፣ መኖር ይፈልጋል። “ባዶ ነው” የሚለውን ቃልም እሱ አልፈጠረውም፤ ከእኛው ከተማረነው የሰማው ነው። ረግረግ ማለት ወባና ትንኝ፣ ያልለማ መሬት ነው ብለን ያስተማርነው እኛ ነን። እስቲ አብረን እንቁጠር። የባሕር ዳር ሕዝብ ለዓመታት በቧንቧ የጠጣው ውሃ የተጠለፈው ከዚሁ ከእንፍራንዝ ምንጮች ነው። ሽማግሌው ልጆቻቸውን ያሳደጉት በዚሁ ደንገል ነው። ቀረሶውም አምባዛውም እንቁላሉን የሚጥለው ሐይቁ መሐል አይደለም፤ ዳር ባለው ሣርና ደንገል ውስጥ ነው። ከደጋ የሚወርደው ጎርፍ አፈሩን ወደ ሐይቁ ከማስገባቱ በፊት የሚያጠልለው ይኸው የደንገል ሥር ነው። ይህ ሁሉ ሠራተኛ በሚውልበት ቦታ ባዶ የሚለው ቃል ምን ይሠራል?

ከእንፍራንዝ በሞተር ጀልባ ወደ ዘጌ ተሻገርን። ዘጌ ወደ ሐይቁ የገባ ልሳነ ምድር ነው፤ ከሩቅ ሲታይ ከዳር እስከ ዳር ደን። ከባሕር ዳር ጀምሮ ዓይን የለመደው እርሻና ባሕር ዛፍ ነውና፣ እዚህ ሲደርስ ሰው ሳያስበው ድምፁን ይቀንሳል። ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያምና ሌሎቹም ገዳማት ያሉት በዚህ ጥላ ሥር ነው።

ደኑ እስከ ዛሬ የቆየበት ምክንያት አለው። በዘጌ በሬ አይጠመድም፣ ከብት አይረባም። ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ትውፊት ነገሩን ከጻድቁ ከአቡነ በትረ ማርያም ጋር ያያይዘዋል፤ ሕዝቡ መሬቱን ሳያርስ፣ ከብት ሳያሰማራ፣ ከቡናና ከፍሬ እንዲኖር የተሰጠ ቃል ኪዳን ነው ይላል። ስለዚህ የዘጌ ሰው ኑሮ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ነው። ቡና ደግሞ ጥላ ይወዳል፤ ጥላ የሚሰጡት ዋንዛው፣ ብሳናው፣ ሰሳውና ሾላው ናቸው። ቡናውን ለማኖር ዛፉን አኖሩት፤ ዛፉ ሲኖር ወፉ አብሮ ኖረ። ወፍ እንጠብቅ ብሎ የተነሳ አልነበረም፤ ሃይማኖታቸውንና ኑሯቸውን ሲጠብቁ ወፉም አብሮ ተጠበቀ።

መንገድ የመራን የአካባቢው ወጣት ከአንድ ሾላ ሥር አስቆመን። ፍሬው በስሏል። ከላይ አንድ የሻከረ ድምፅ ተንቋቋ፤ ቀጥሎ ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ የሚሮጥ ነገር አየን። አዎ፣ የሚሮጥ! ሶሪት ናት። ሰውነቷ አረንጓዴ፣ ዓይኗ ዙሪያ ቀይ፣ ጉንጯ ላይ ነጭ ምልክት። ቅጠል ውስጥ ስትቆም ፈጽማ ትጠፋለች። ሾላውን ጨርሳ ወደ ማዶው ዛፍ ስትነሳ ግን ክንፏ ተዘረጋና ደም የመሰለ ቀይ ከውስጥ በራ። የዚህ ቀይ ነገር አስገራሚ ነው። ቀለሙ ውስጥ መዳብ አለ፤ ከምትበላው ፍሬ በጥቂት በጥቂቱ የምታጠራቅመው መዳብ። አረንጓዴውም እንዲሁ የራሷ ቀለም ነው፤ በሌሎች ብዙ ወፎች ላይ የምናየው አረንጓዴ ብርሃን በላባው ላይ ሲሰበር የሚፈጠር ሲሆን፣ የእሷ ግን በላባው ውስጥ ያለ ነው። ይህች ወፍ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ እምብዛም የማትርቅ ናት። ከሩቅ አገር የሚመጡ ወፍ ተመልካቾች ብዙ ገንዘብ አውጥተው የሚፈልጓት፣ የእኛ ልጆች ደግሞ ቡና ሲለቅሙ ከራሳቸው በላይ የሚሰሟት እሷን ነው።

ትንሽ ራቅ ብሎ ወጣቱ ካንድ ያረጀ ግንድ ላይ ከፍ ያለ ሽንቁር አሳየን። ዙሪያው ላይ የደረቀ ጭቃ ተለጥፎ ቀርቷል። ይህ በመንቁሯ ላይ ቀንድ መሳይ ቁር የደፋችው ትልቅ ጥቁርና ነጭ ወፍ ያሳደገችበት ቤት ነው። እናቲቱ እንቁላል ልትጥል ስትል ከሽንቁሩ ትገባለች፤ ወንዱ ጭቃ ያቀብላታል፣ እሷ ከውስጥ በሩን ትደፍነዋለች። የሚቀረው መንቁር ብቻ የሚያሳልፍ ስንጥቅ ነው። ከዚያ በኋላ ወንዱ ሾላውንና ዋርካውን እየዞረ በጉሮሮው ፍሬ ተሸክሞ ይመጣና አንድ በአንድ ያቀብላታል። ይህ ሦስት ወር ያልፋል። እሱ ከሞተ ወይም ፍሬ ካጣ ጎጆው አደጋ ላይ ይወድቃል። አሁን አስቡት፤ ለዚህ ቤት የሚሆን ሽንቁር ያለው ዛፍ በ10 ዓመት አይደርስም። አንድ ሰው ተክሎት፣ ልጁ አሳድጎት፣ የልጅ ልጁ ሳይቆርጠው የሚደርስ ነው።

ንስሩን ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነበር። ከዘጌ ዛፍ ላይ ያደረው ንስር ጠዋት የሚያድነው ከእንፍራንዝ ዳር ነው። ደኑ አፈሩን ካልያዘው ረግረጉ በደለል ይታፈናል፤ ረግረጉ ዓሣ ካላሳደገ ከደኑ ያለው ጎጆ ይራባል። ደኑንና ረግረጉን ለየብቻ ልንጠብቃቸው ስናስብ የምንስተው ይህን ነው።

አሁን ወደ እንግዶቹ እንምጣ። በማግሥቱ ወደ ጭምባ ሄድን፤ ከግልገል አባይ ወዲህ ያለ ሰፊ ረግረግ ነው፤ በዳሩ የዳጉሳና የጤፍ ማሳ አለ። መጀመሪያ ያየነው ግን የአገሩን ነዋሪ፣ ባለ ዘውዱ ክሬን የሚባለውን ወፍ ነው። ራሱ ላይ ወርቃማ ጭራ ተበትኖ ይቆማል፣ ጉንጩ ከላይ ነጭ ከታች ቀይ ነው። ከክሬኖች ሁሉ ዛፍ ላይ ማደር የሚችሉት ባለ ዘውዶቹ ብቻ ናቸው፤ የኋላ ጣታቸው ረጅም ስለሆነ ቅርንጫፍ ይጨብጣል። ጎጆው ረግረግ ውስጥ፣ መኝታው ዛፍ ላይ ነው፤ አንዱ ከጎደለበት አገር ይለቃል። ከወዲያ ደግሞ ከአገጫቸው ሥር ሁለት ነጭ ሥጋ ያንጠለጠሉ ጥንድ ክሬኖች በዝግታ ይራመዳሉ፤ ከአፍሪካ ክሬኖች በቁመት የሚበልጧቸው የሉም። እነዚህ በአንድ ወቅት የሚያሳድጉት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጫጩት ብቻ ነው። ስለዚህ በየዓመቱ የሚታረሰው የረግረግ ዳር ከእነሱ የሚወስደውን በቶሎ መተካት አይችሉም።

ወደ 10 ሰዓት ገደማ ሰማዩ ላይ የመለከት ድምፅ ተሰማ። ግራጫዎቹ ክሬኖች ናቸው፤ በረድፍ በረድፍ፣ በሺዎች። ብርዱ ሳይብስባቸው ከሰሜን አውሮፓና ከሩሲያ ተነስተው ይመጣሉ። በፊንላንድና በኢስቶኒያ ተመራማሪዎች ካንዳንዶቹ ጀርባ ላይ የሳተላይት መሣሪያ አስረው ሲከታተሏቸው፣ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ በረው እኛ አገር ማረፋቸውን አይተዋል። ማሳው ዳር የቆመ አንድ ገበሬ ይህን ሲሰማ መንሹን ተደግፎ ቀና አለ።

“ከዚያ ድረስ ምን አመጣቸው?”

“አገራቸው በበረዶ ይሸፈናል። የሚበሉት የለም።”

“እንግዲያ ለቃርሚያ ነው የመጡት” አለ፤ ጥቂትም አሰበና፣ “ቃርሚያ የድሃ ድርሻ ነው፤ አይከለከልም። ሽምብራው ላይ ሲወርዱ ግን እንጣላለን፤ ልጅ ከትምህርት ቤት ቀርቶ ይጠብቃል።”

የዚህን ሰው ንግግር ሁለቱንም ግማሽ መስማት ይገባል። ለእንግዳው ልቡ ሰፊ ነው፤ ወጪውን ግን ብቻውን እየከፈለ ነው። ወፉን የሚወድ ሁሉ ይህን ወጪ አብሮ መካፈል አለበት።

ክሬኖቹ ወደ እኛ ሲመጡ ከሚያርፉባቸው ቦታዎች አንዱ በእስራኤል ሰሜን ያለው የሑላ ሸለቆ ነው። ከእኛ አገር ሄደው በዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ያውቁታል። የሑላ ታሪክ ለእኛ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ያ ሐይቅና ረግረግ ወባው ይጠፋል፣ እርሻ ይገኛል ተብሎ ተደረቀ። ከዓመታት በኋላ የደረቀው ጥቁር አፈር ሰመጠ፣ ከሥሩ እሳት ይነሳበት ጀመር፤ ረግረጉ ሲያጠልለው የነበረውም ነገር ወደ ገሊላ ባሕር ይወርድ ጀመር። መጨረሻ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1994፣ ከመሬቱ ከፊሉን መልሰው በውሃ ሞሉት። ዛሬ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ክሬኖች ይወርዱበታል፣ ሰውም ከየአገሩ ሊያያቸው ይመጣል። ሀብታም አገር አድርቆ፣ ተጸጽቶ፣ በገንዘቡ መለሰ። እኛ ካደረቅን በምን እንመልሳለን?

ደግሞም የእኛ ረግረጎች መድረቅ ጀምረዋል። ፎገራ ላይ ሸሸርና ወለላ የሚባሉ ረግረጎች አሉ፤ በክረምት በርብ ወንዝ ጎርፍ ይሞላሉ፣ አምባዛው እዚያ ገብቶ ይራባል፣ ወፉ ሰማይ ይሸፍናል። ውሃው በቦይና በሞተር እየተሳበ ዳርቻቸው ወደ ማሳ እየዞረ ነው። ሐይቁ ላይ ደግሞ በ2004 ዓ.ም. የታወቀው እምቦጭ አለ። ከደቡብ አሜሪካ የመጣ አረም ነው፤ ውሃውን ሲሸፍነው ብርሃንና አየር ይቀንሳል፣ ጃካናው የሚራመድበትን የውሃ አበባ ይደፍቃል። ሕዝቡ ውሃ ውስጥ ቆሞ በእጁ ሲነቅለው አይተናል። እምቦጭን የሚያበረታው ግን ከየማሳው የሚታጠበው አፈርና ማዳበሪያ ነው፤ ያን የሚያግደው ደግሞ የምንመነጥረው ደንገል ነው። በአንድ እጃችን እየነቀልን በሌላው እንድናበላው አንሁን።

ምን ይደረግ ለሚለኝ የምለው አለኝ። ቀበሌው ረግረግ ለወጣት ከማከፋፈሉ በፊት አንዴ በኅዳር፣ አንዴ በክረምት ገብቶ የሚውልበትንና የሚያድርበትን ይመዝግብ። ደንገሉ በዙር ይታጨድ፣ ባለታንኳዎቹም በውሳኔው ይኑሩበት፤ ከማንም በፊት የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ለዚያ ወጣት ደንገል ከመመንጠር የተሻለ ሥራ ይፈለግለት፤ ወፍ ማስጎብኘትም አንዱ ሥራ ነው፤ ዓይኑም ጆሮውም አለው፣ የጎደለው መነጽርና ሥልጠና ነው። የዘጌ ቡና በጥላ ሥር የበቀለ መሆኑ ተነግሮ በደህና ዋጋ ይሸጥ፤ ዛፉ እንዳይቆረጥ ከዚህ የተሻለ ጠባቂ የለም። ሽምብራው ለተበላበት ገበሬ ካሣም ይሁን የጥበቃ እገዛ ይድረሰው። በየትምህርት ቤቱ ያሉ የተፈጥሮ ክበባት ልጆቹን ጎህ ሳይቀድ ይዘው ይውጡ፤ የሶሪትን ድምፅ ለይቶ ያደገ ልጅ ዛፏን በቀላሉ አይቆርጥም።

እናንተም ባሕር ዳር የምትኖሩ፣ ለሥራ የምትመላለሱ፣ ከአሜሪካም ከዓረብ አገርም ለዘመድ ጥየቃ የምትመጡ፣ አንድ ማለዳ ለረግረጉ ስጡት። ያያችሁትን ስሙን፣ ቀኑንና ቦታውን ጽፋችሁ ለሚመለከተው ስጡ። ዝርዝር ያለው ክርክር ከእሮሮ ይበልጣል። መሬቱ የማንም አይደለም የሚል ስትሰሙም የውሃውን ጉዳይ አንሱ፤ ከእንፍራንዝ ምንጭ የጠጣ ሁሉ ባለጉዳይ ነው፣ አቤቱታውንም እሱ ይጻፍ።